የታጠበው ዘር

ዶሮዋ ከገንዳው አጠገብ በጎኗ ተጋድማለች። ወይንእሸት መጀመሪያ ፀሐይ የምትሞቅ መሰላት፤ ዝናብ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ሲል ዶሮ እንዲያ ክንፏን ዘርግታ መተኛት ትወዳለች። ደብተሯን በብብቷ እንደያዘች «እሽ» አለቻት። ዶሮዋ አልተነሣችም። በጫማዋ ጫፍ ነካ ብታደርጋት ደርቃለች። ከክንፏ ሥር ሁለት ጫጩቶች ተደፍተዋል።

ጧት ወደ ፈተና ስትወጣ ይህችው ዶሮ ጫጩቶቿን አስከትላ ግቢውን ስትጭር ትታት ነው የሄደችው። ምንም አልነበራትም።

ከማድ ቤት በኮባ የተጋገረ የድፎ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ዕለቱ የሰኔ ሚካኤል ነው፤ የጽዋ ማኅበሩ ተራም የእነሱ ቤት። ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው እስኪመጣ ብዙ አልቀረውም። ወይንእሸት የዘጠነኛ ክፍል ባዮሎጂን ተገላግላ፣ ከጓደኛዋ ከስርጉት ጋር ከቢቸና እስከ መንደራቸው ድረስ ስትስቅ ነበር የመጣችው። መንገድ ላይ የስርጉት መዳፍ ቀላ ብሎ አይታ «በሰኔ እንሶስላ? ማን ሊያገባሽ ነው?» ብላ ስትነዘንዛት፣ ስርጉት እጇን ከሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸጉጣ «ባክሽ ሙድ አትያዥብኝ፣ የእማ ሥራ ነው» ብላ አልፋታለች።

አሁን ግን ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ጎንበስ ብላ ገንዳውን አየችው። በውስጡ የቀረው ውሃ ሮዝ ነው። ጠርዙ ላይ የደረቀው አረፋም ሮዝ፣ ከሥሩ ያለው ጭቃም ሮዝ። ይህን ቀለም ታውቀዋለች።

ዓምና ቢጫ ዋግ የሚሉት የስንዴ በሽታ ገብቶ የመንደሩን ማሳ አክስሎት ነበር። መጋቢት ላይ የብዙ ሰው ጎተራ ተጠረገ። ክረምቱ ሲቃረብ የልማት ሠራተኛው ዋግ የማይደፍረው ዘር መጥቷል ብሎ የመንደሩን ሴቶች ቢቸና ጠራቸው፤ ወይንእሸትም ከእናቷ ጋር ሄደች። ዘሩ ብዙ አገር ዞሯል አሉ። አንድ አገር አዳቅሎታል፣ ኬንያ ላይ በዋግ ተፈትኗል፣ እዚህ እኛው አገር ተባዝቷል፣ የማጓጓዣውን ደግሞ ሌላ ሕዝብ ችሎታል። ጆንያው ላይ የተደረደሩት ባንዲራዎች ለአንድ የጂኦግራፊ ፈተና ይበቁ ነበር።

ከሞጣ ጥሩአየሁ የምትባል ገበሬ አብራ መጥታ ነበር። የሞጣ ሴቶች ዘሩን ቀድመው ተቀብለው፣ ዘርተው፣ እጥፍ አድርገው መልሰው ነው ተራው ለቢቸናዎቹ የደረሰው። የቢቸናዎቹ ደግሞ ሲያፈሱ ሮብ ገበያ ለምትባለው ከተማ ሴቶች ያሳልፋሉ። «ጽዋ ማኅበር በሉት። ጽዋዋ ከቤት ቤት እንደምትዞር ይኸም ከአገር አገር ይዞራል» አለቻቸው ጥሩአየሁ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ነገሩ ግን ከየትኛውም ስብሰባ በላይ ገባቸው። ከዚያ ጓንት አጥልቃ ከጆንያው እፍኝ ስንዴ አነሣች። ስንዴው ቀይ ነው። «ይኸ ለአፈር እንጂ ለአፍ አይደለም። መድኃኒት ለብሷል። ነክታችሁ ስታበቁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» አለች። ጆንያው ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ማን ያንብብልን ሲባል ወይንእሸት ብድግ ብላ አነበበች፣ ተረጎመችም፤ መርዝ አለው፣ ለሰውም ለእንስሳም ምግብ አይሆንም። ሴቶቹ አጨበጨቡላት። ከሁሉም አብልጣ ያጨበጨበችው እናቷ ይርጋነሽ ነበረች።

ወይንእሸት ወደ ጓዳ ገባች። ያን ቀን ተሸክመውት የመጡት ጆንያ ከበሩ ጀርባ ነበር የሚቆመው። አሁን ባዶውን ተጣጥፎ ከሙቀጫው ሥር ተወሽቋል።

ትናንት ስንዴ ተሸክማ ወፍጮ ቤት የሄደችው ራሷ ናት። ነጭ፣ ንጹሕ ስንዴ ነበር። «ከየት አገኘሽው?» ብላ ስትጠይቅ እናቷ «ዘመድ አበደረኝ» ነበር ያለቻት። ወይንእሸትም ደስ ብሏት፣ ማዘያውን አጥብቃ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዛ፣ አስፈጭታ ተመለሰች። ያንን ዱቄት በጀርባዋ አዝላ ስታመጣ ትዘፍን እንደነበር ትዝ ሲላት ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

ይርጋነሽ ማድ ቤት ውስጥ የአገር ባህል ቀሚሷን ለብሳ ብርጭቆ ትወለውላለች። ድፎው በሰፌድ ላይ ተቀምጦ ነጭ ጨርቅ ለብሷል።

«እማ፣ ዶሮዋ ሞታለች። ጫጩቶቹም።»

«ፈንግል ነው። የአስናቀችም ዶሮዎች ሰሞኑን አልቀውባታል።»

«ይኸ ዳቦ የምን ስንዴ ነው?»

ይርጋነሽ ብርጭቆውን መወልወል አላቆመችም። «ቀስ በይ» አለች። «ሰው ይሰማል።»

«የዘሩ ነው አይደል?»

«አጥቤዋለሁ። ውሃው ኩልል ብሎ እስኪጠራ ነው ያጠብኩት። ሸሽጌ ያቆየሁትን እጣቢም ዛሬ አንች ከወጣሽ ነው ገንዳው ላይ የደፋሁት። እጃችሁን ታጠቡ አላሉም እንዴ? ከእጅ የሚለቅ ከስንዴ የማይለቅበት ምክንያት ምንድን ነው?»

«ጆንያው ላይ መርዝ ይላል እኮ፣ እማ። እኔው ነኝ ያነበብኩልሽ።»

«እንዲያ ብለው ካልጻፉማ በሰኔ ማን ዘር ያስቀምጣል?» ይርጋነሽ ብርጭቆውን አስቀምጣ ዞረች። «እኛ ማሳ ላይ ማስፈራሪያ የምንተክለው ለወፍ ነው። ይኸም ለእኛ ለተራብነው የተተከለ ማስፈራሪያ ነው ብዬ።»

ወይንእሸት ጨርቅ የለበሰውን ድፎ አየች። እናቷ ሞኝ አይደለችም። በዚህ መንደር ይኸን አታድርጉ፣ ያን አትንኩ እየተባለ ስንት ነገር ሲነገራቸው ኖሯል፤ ስንቱ ማስፈራሪያ ሆኖ ቀርቷል። ደግሞም የሚካኤል ጽዋ ለእናቷ ምን እንደሆነች ታውቃለች። አባቷ ያየህ ከሞተ በኋላ ማኅበርተኛው «አንች ሴት ብቻሽን አትችይውም፣ ይቅርብሽ» ሲላት፣ ይርጋነሽ «የያየህ ወንበር ባዶዋን አትቀመጥም» ብላ ነው ተራውን የያዘችው። ዓመታዊው በዓል ሲደርሳት ጎተራዋ ባዶ ሆነ። የምትበደርበት ቤት ሁሉ ሄዳ ጠይቃ ነበር፤ በሰኔ ግን ሁሉም ሰው ጠያቂ ነው። የቸገረው ዱቄት ከነፋስ ይጠጋል ይባላል። እናቷ የተጠጋችው ወደ ቀዩ ጆንያ ነው።

«አትፍሪ» አለች ይርጋነሽ፣ ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ። «ስጦታው ከረፋድ ጀምሮ ሲገምጥ ነው የዋለ። ትንሽ ዳቦ ለብቻው ጋግሬለት። ምን ሆነ? ምንም።»

ስጦታው ታናሽ ወንድሟ ነው። ገና ስድስት ዓመቱ ስለሆነ አይጾምም። ሌላው ሁሉ፣ እናቷም ጭምር፣ የሰኔን ጾም ስለያዘ ያንን ዳቦ የቀመሰ ከእሱ ሌላ የለም።

«የት ነው ያለው?»

«እዚሁ ነበር። ጓሮ ይሆናል።»

ጓሮ ነበር። ጎመኑ መሀል ተንበርክኮ ሆዱን በሁለት እጁ ይዟል። ከአፉ ለሃጭ ይዝረበረባል፤ ከፊቱ መሬት ላይ ያስታወከው አለ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ግማሽ ዳቦ በኪሱ ውስጥ አብጦ ይታያል።

«እትዬ፣ ሆዴን» አለ።

ይርጋነሽ ከኋላ ደርሳ ስታየው አልጮኸችም። አፏ ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣትም። ወይንእሸት እናቷን እንዲያ ሆና አይታት አታውቅም፤ በአባቷ ቀብር ቀን እንኳ ድምፅ ነበራት። ከዚያ ልጁን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ አስደግፋ በባዶ እግሯ ወደ አስፋልቱ ሮጠች። ወይንእሸት ቀድማት ደርሳ ባጃጅ አስቆመች። ሹፌሩ አንድ ጊዜ ልጁን አየውና ምንም ሳይጠይቅ የኋላውን መጋረጃ ገለጠ።

ይርጋነሽ ከገባች በኋላ የወይንእሸትን ክንድ ያዘች። «ዳቦውን ማንም እንዳይቀምሰው። ናፍጣ ፈሰሰበት በያቸው።»

«እማ...»

«ናፍጣ ነው የፈሰሰበት። ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ። ዘር በላች እንዳይሉኝ። እለምንሻለሁ፣ ወይንዬ።»

ባጃጁ ጭቃውን እየረጨ ወደ ቢቸና ፈተለከ። ወይንእሸት መንገዱ ዳር ቆማ ቀረች። እናቷ አዝዛት ታውቃለች፣ ተቆጥታት ታውቃለች፣ ለምናት ግን አታውቅም።

በዚያ አገር በሬውን የሸጠ ሰው ይታዘንለታል፤ የተበደረም ነገ ይከፍላል ይባላል። ዘሩን የበላ ሰው ግን ስሙ አይነሣም። ዘር የነገ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ የሮብ ገበያዎቹም ጭምር ነበር። ወይንእሸት «የዘር በላ ልጅ» ተብላ ትምህርት ቤት በር ላይ ስትቆም ታያት። ታዲያ ናፍጣ ማለት ምን ይጎዳል? ዳቦው እንደሆነ አይበላም። ሰው አይሞትም። የእናቷም ስም ይተርፋል። እንዲህ ስታስበው ቀላል ነበር።

ወደ ቤት ተመልሳ የሞተችውን ዶሮና ጫጩቶቹን በቅርጫት ሥር ከደነቻቸው። የገንዳውን ውሃ ግን የት እንደምትደፋው አላወቀችም።

ማኅበርተኛው ነጠላውን እንዳጣፋ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጣ። ፊት ፊት መምሬ አካለ ወልድ፣ ቀጥሎ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ ጋሽ ሰማው ከባለቤታቸው ከወለተ ኢየሱስ ጋር፣ ከዚያ ሌሎቹ። የስርጉት እናት አስናቀችና ጎረቤታቸው ማርያማዊት ከኋላ እየተጨዋወቱ ገቡ። የሰፈሩ ልጆች ደግሞ እንደ ልማዳቸው አጥሩ ሥር ተሰልፈው የዳቦ ቁራሽ ይጠብቃሉ። መምሬ ከባረኩት በኋላ ጸበል ጸዲቅ ነው፤ ለልጆቹ ሳይደርስ አይቀርም፣ ፍርፋሪውም መሬት አይወድቅም። ወይንእሸት ይህን እያሰበች ከበሩ ጥግ ቆመች።

«ባለቤቷስ የት ሄደች?» አሉ ጋሽ ሰማው። «ጠርታን ጠፋች?»

«ስጦታውን አሞት ሐኪም ቤት ወስዳው ነው።»

ሁሉም ከንፈሩን መጠጠ። መምሬ አካለ ወልድ «ሚካኤል ይማረው» ብለው ወደ ድፎው ተጠጉ።

«አባታችን» አለች ወይንእሸት። «ዳቦው አይባረክም። ናፍጣ ፈሶበታል።»

ጋሽ ሰማው ጨርቁን ገለጥ አድርገው አሸተቱ። «ኮባ ኮባ ነው የሚሸተኝ» አሉ። «ጥጉን ከነካው ጥጉን ቆርጠን እንጣለው እንጂ የሚካኤል ዳቦ በናፍጣ ይቀራል?»

«ከሥሩ ነው የገባው። ሁሉንም ነክቶታል» አለች ወይንእሸት። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ እንዴት እንደቀለላት ራሷም ገረማት።

መምሬ ከድፎው ፈቀቅ ብለው «እንግዲያማ ይቅር። ጤና የሚነሣ ነገር አይባረክም» አሉ። ማርያማዊት «ምስኪን ይርጋነሽ፣ ይኸን ያህል ደክማ» ብላ ዐይኗን ጠራረገች። ማንም አልከፋውም፣ ማንም አልጠረጠረም። ወይንእሸት ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽዋን ሳበች። አለቀ፣ አለች በልቧ። እማ ተረፈች።

«ሐሳብ አይግባችሁ» አለች አስናቀች፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «የሐምሌው ተራ የእኔ አይደለም? አንድ ወር ቢቀድም ምን ይለዋል? ስንዴዬ ታጥቦ ደርቋል። ዛሬውኑ አስፈጭቼ ነገ የይርጋነሽን ምትክ እኔ ቤት ትቀምሳላችሁ።»

ማኅበርተኛው በምርቃት ተቀበላት። «ይስጥልን፣ ከፍ ያድርግሽ» ተባለ።

ወይንእሸት አስናቀችን አየቻት። በሰኔ ስንዴ። ሁሉም ሰው ጠያቂ በሆነበት ወር ታጥቦ የደረቀ ስንዴ። የሞቱት የአስናቀች ዶሮዎች ታወሷት። የስርጉት መዳፍ ከሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሲደበቅ፣ «የእማ ሥራ ነው» ስትል ታያት። እንሶስላ አልነበረም።

እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ያን ቀን ቢቸና ግቢ ውስጥ ነበሩ። ሁሉም ጆንያ ተሸክመው ተመልሰዋል። ጎተራቸውም ባዶ ነው። ናፍጣ ያለችው ቃል ይህን ቤት ብቻ ነው የሚያድነው። ሌላው ቤት ነገ ይባረካል፣ ይቆረሳል፣ አጥሩ ሥር ላሉት ልጆች ይታደላል።

«እለምንሻለሁ» ያለችው የእናቷ ድምፅ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ። ወይንእሸት ወደ ውጭ ወጣች። ቅርጫቱን አነሣች፣ ዶሮዋን በእግሯ ይዛ ተመለሰችና ከመምሬ እግር ፊት አስቀመጠቻት።

«ናፍጣ አይደለም» አለች። «ዋሽቻለሁ።»

ድፎው ላይ ያለውን ጨርቅ ገፈፈችው።

«ዳቦው የዘሩ ስንዴ ነው። ቀዩ። እማ ውሃው እስኪጠራ አጥባዋለች። እኔ ነኝ ወፍጮ ቤት የወሰድኩት። ይቺ የእጣቢውን ውሃ ጠጥታ ነው። ስጦታው ደግሞ ዳቦውን በልቶ።» ወደ አስናቀች ዞረች። «ቢታጠብም አይለቅም። አይለቅም፣ እትዬ አስናቀች።»

ጋሽ ሰማው «ዘሩን?» አሉ፣ እንደማያምን ሰው። «ይርጋነሽ ዘር በላች?»

አስናቀች ግን የሰማቻቸው አትመስልም። ፊቷ ከዶሮዋ ላይ አልተነሣም። ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ ወደቀ።

«ቆሎ ቆልቼላቸዋለሁ» አለች። «ለልጆቹ። ስመጣ ምጣድ ላይ ትቼላቸው...» አልጨረሰችውም። ነጠላዋን ሳታነሣ ከበሩ ወጥታ ሮጠች።

ወይንእሸት በግድግዳው ሶኬት ላይ ቻርጅ የተደረገውን የእናቷን ስልክ ነቀለች። የስርጉትን ቁጥር ሁለት ጊዜ ተሳሳተች።

«ወይን? ምነው ናፈቅሁሽ እንዴ?» አለች ስርጉት።

«ቆሎው የት ነው?»

«የምን ቆሎ? እ፣ ምጣድ ላይ። እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ለትንንሾቹ ላካፍል ስል...»

«እንዳትሰጫቸው። መርዝ ነው። ያ እጅሽን ያቀላው መርዝ ነው። ድፊው። አይ፣ ዶሮ የሚያገኘው ቦታ አትድፊው፣ ጉድጓድ ውስጥ።»

በስልኩ ውስጥ የልጆች ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ የስርጉት ድምፅ «አንተ፣ አምጣ፤ ከእጅህ አውጣ አልኩህ» ሲል፣ አንድ ልጅ ሲያለቅስ፣ የሆነ ብረት ሲንኳኳ ተሰማ። «አንዱ አፉ ውስጥ አስገብቶ ነበር፣ አስተፋሁት» አለች ስርጉት እያለከለከች። «ወይን፣ ምን እየሆነ ነው?»

ወይንእሸት ቀና ስትል ማርያማዊትም ከመቀመጫዋ የለችም። ሌላ ሴት ነጠላዋን በአፏ ላይ ይዛ ከበሩ እየወጣች ነበር። ማንም አልጠራቸውም፣ ማንም የት ትሄዳላችሁ አላለም። ጋሽ ሰማው የሚወጡትን ሴቶች ዐይተው ቀስ ብለው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«እኛስ ቤት?» አሉ።

ወለተ ኢየሱስ መሬት መሬት ታያለች። «ዘፍዝፌዋለሁ» አለች። «ለነገ።»

ቅድም ዘር በላች ያለው የጋሽ ሰማው አፍ ተከፍቶ ቀረ። ቀስ ብለው አጠገባቸው ባለው ግድግዳ ተደገፉ።

መጀመሪያ የተነሡት መምሬ አካለ ወልድ ናቸው። ዳቦው ሳይባረክ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፍሮ እንዲቀበር አዘዙና፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ በዕድሜያቸው ማንም ባላየው ፍጥነት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ። ትንሽ ቆይቶ ደወሉ ተደወለ። ቅዳሴ ካለቀ ቆይቷል፤ ቀብርም የለም። ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ። የሚካኤል ደወል ያለ ሰዓቱ ሲጮህ ወይንእሸት በሕይወቷ ሰምታ አታውቅም ነበር።

ጋሽ ሰማው ጓሮ ሲቆፍሩ ስልኩ በእጇ ላይ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«እኔ ነኝ» አለች ይርጋነሽ። «በነርሷ ስልክ ነው።»

«ስጦታውስ?»

«ሆዱን አጥበውለታል። ጉሉኮስ ተሰክቶለት ተኝቷል። ቶሎ ማምጣትሽ ነው ያተረፈው አሉኝ። ከጀርባሽ ደወል ይሰማኛል። የኛው ሚካኤል ነው?»

«አዎ።»

«ምን ብለሻቸው ነው?»

ወይንእሸት ጉድጓዱን አየች። ድፎው ሰፌዱ ላይ እንዳለ ነው፤ ከላዩ ላይ ያለው የመስቀል ምልክት የእናቷ እጅ ነው።

«እውነቱን።»

የይርጋነሽ ትንፋሽ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። «ለምኜሽ ነበር» አለች።

«ለምነሽኝ ነበር። ናፍጣ ነው ብያቸውም ነበር፣ እማ። ግን እትዬ አስናቀችም አጥባለች። ማርያማዊትም። ወለተ ኢየሱስ ለነገ ዘፍዝፋዋለች።»

«አስናቀች?»

«ለልጆቹ ቆሎ ቆልታላቸው ነበር።»

«በሉት?»

«ደረስንባቸው። አልበሉትም።»

ወይንእሸት መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። መልሳ ስታስጠጋው እናቷ እያለቀሰች ነው።

«እኔ ብቻዬን መስሎኝ» አለች ይርጋነሽ። «ሁሉም ቤት ያለ፣ እኔ ብቻ ያጣሁ መስሎኝ ነበር።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወይንእሸት ገንዳው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ደወሉ ቆሟል። ከየቤቱ ቀይ ቀለም የነካው ጨርቅና ሳፋ እየወጣ አደባባዩ ላይ ይቀመጣል፤ ሴቶቹ ቀና ብለው አይተያዩም፣ ግን ጎን ለጎን ቆመዋል።

የሞጣ ሴቶችም ዘንድሮ ሁለተኛ ዙር ቀይ ዘር እንደደረሳቸው ጥሩአየሁ ያን ቀን ተናግራለች። እዚያም ሰኔ ነው። እዚያም ሚካኤል ነው። የጥሩአየሁ ቁጥር በእናቷ ስልክ ውስጥ አለ። ወይንእሸት የምትለውን በልቧ አሰናዳች። አንዲት ሴት በእኛ መንደር፣ ልትል ነው። አንዲት ሴት ካለች በቂ ነው፤ ስም ማንሣት አያስፈልግም።

ስልኩ ጠራ። «ሃሎ፣ ይርጋነሽ» አለ የጥሩአየሁ ድምፅ፣ ከጀርባው የድግስ ሁካታ እየተሰማ። «እንኳን አደረሰሽ። ዘሩን መሬት አስነካችሁት?»

«ይርጋነሽ አይደለሁም፣ እትዬ፣ ልጇ ነኝ። እዚያ የማኅበር ዳቦ ካልተቆረሰ እባክዎ አይቁረሱት፤ ሴቶቹንም ስንዴው ከየት እንደመጣ ይጠይቁልኝ።»

«ምነው ልጄ? ምን ሆናችሁ?»

ወይንእሸት ያሰናዳችውን ቃል አፏ ላይ አገኘችው። ዋጠችው።

«እናቴ» አለች፣ «እናቴ ዘሩን አጥባው ነበር።»